ስሊፕ ፎርም ወይስ ጃምፕ ፎርም? ክብ የኮንክሪት ሳይሎ ለሚያስገነቡ

ሁለት ተቋራጮች ዋጋ አቅርበውልዎታል እንበል። የሚሠሩት ሳይሎ፣ ማለትም ረጅም የእህል ጎተራ፣ አንድ ዓይነት ነው። የውስጥ ዲያሜትሩ 10 ሜትር፣ ቁመቱ 30 ሜትር፣ ግድግዳው 20 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው አርማታ። አንዱ በስሊፕ ፎርም አወጣዋለሁ ይላል። ሌላው በጃምፕ ፎርም። ፎርም ማለት ኮንክሪቱ እስኪጠነክር ቅርጹን የሚይዝለት ሣጥን ነው። ዋጋቸው ብዙም አይራራቅም። የትኛውን ይምረጡ?

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ይህን ምርጫ የሚወስነው የፎርሙ ዋጋ አይደለም። የሚወስኑት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። በአንድ ጊዜ የሚሠሩት ስንት ሳይሎዎች ናቸው? ሌሊቱን ሙሉ ኮንክሪት ሳይቋረጥ ማቅረብስ ይቻላል ወይ? ለሁለቱ መልስ ሳይኖር ዋጋ ማወዳደር ትርፉ ድካም ነው።

አንዱ አይቆምም፣ ሌላው በየቀኑ ያድራል

ስሊፕ ፎርም ኮንክሪት እየተሞላበት ሳይቆም ወደ ላይ የሚንሸራተት ፎርም ነው። ግድግዳውን ከውስጥና ከውጭ አቅፎ የሚይዘው ቀለበት ቁመቱ ከ1 እስከ 1.2 ሜትር ቢሆን ነው። ሁለቱን ገጾች ከላይ ተሻግሮ የሚይዛቸው የብረት ቀንበር አለ። ቀንበሩ ላይ ሃይድሮሊክ ጃክ ይቀመጣል። ጃኩ ግድግዳው መሀል የቆመ ዘንግ ጨብጦ ይወጣል። አንድ ጊዜ ሲገፋ የሚጨምረው ከፍታ 2.5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ሁሉም ጃኮች ከአንድ ፓምፕ ስለሚታዘዙ ፎርሙ፣ የሥራ መድረኩና ከሥር የተንጠለጠለው የለሳኞች መረማመጃ በአንድነት ይነሳሉ።

የተለመደው ፍጥነት በሰዓት ከ15 እስከ 30 ሴንቲሜትር ነው። ከላይ የገባው ኮንክሪት ከሥር ብቅ እስኪል ጥቂት ሰዓታት ያልፋሉ። ሲወጣ ራሱን ችሎ ይቆማል፤ ገና በማንኪያ የሚለሰልስ ነው። የሙያው ሚስጥር ያለው እዚህ ሚዛን ላይ ነው። ከፈጠኑ ግድግዳው ይናዳል። ከዘገዩ ኮንክሪቱ ፎርሙ ላይ ይጣበቅና ሲነሳ አብሮ ይቀደዳል።

ጃምፕ ፎርም ቀለል ያለ ነው። አንድ ቀለበት፣ አብዛኛውን ጊዜ 1.2 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ይሞላል። ያድራል። በማግሥቱ ፎርሙ ተፈትቶ ወደ ላይ ይነሳና ደግሞ ይሞላል። በሳይሎ ሥራ ሦስት ቀለበት ፎርም መጠቀም የተለመደ ነው። ከታች ያለው ተፈትቶ ከላይ ይገጠማል፤ ሁለቱ እዚያው ሆነው አዲሱን ይሸከማሉ። በቀን አንድ ቀለበት፣ በቀን ብርሃን፣ በአንድ ፈረቃ።

ፎርም እያነሱ ክብ ጎተራ መሥራት አዲስ ነገር አይደለም። በ1899 በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ አጠገብ ፍራንክ ፒቪ የተባለ የእህል ነጋዴና ቻርልስ ሃግሊን የተባለ ሕንፃ ሠሪ ለሙከራ አንድ ክብ የኮንክሪት ጎተራ አቆሙ። ብዙ ሰው እህሉ ሲወጣ ይፈርሳል ብሎ ነበር። አልፈረሰም። ቁመቱ በኋላ ወደ 38 ሜትር ከፍ ተደርጎ ዛሬም ቆሟል።

ሂሳቡን በአንድ ሳይሎ ላይ እንሥራው

የእኛ ሳይሎ ውስጡ ወደ 2,350 ሜትር ኩብ ይይዛል። የስንዴ አንድ ሜትር ኩብ 770 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ይህ ወደ 1,800 ቶን ነው፤ 18,000 ኩንታል። የግድግዳው ዙሪያ 32 ሜትር ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሜትር ከፍታ 6.4 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይፈልጋል። በጠቅላላው 192 ሜትር ኩብ ያህል።

በስሊፕ ፎርም በሰዓት 25 ሴንቲሜትር ብንወጣ 120 ሰዓት ይፈጃል። አምስት ቀንና አምስት ሌሊት። በየሰዓቱ የሚያስፈልገው ኮንክሪት 1.6 ሜትር ኩብ ብቻ ነው። ይህ ትንሽ ነው፤ ብዙ ሰው ይገረማል። ችግሩ መጠኑ ሳይሆን አለመቋረጡ ነው። ሚክሰሩ፣ ሲሚንቶው፣ መብራቱ፣ ዊንቹ፣ ፌሮ ሠራተኛው፣ መሐንዲሱ፣ ሁሉም ለ120 ሰዓት እዚያው መሆን አለባቸው።

በጃምፕ ፎርም 30 ሜትር ማለት 25 ቀለበት ነው። ሁሉ ነገር ሳይሰናከል ቢሄድ 25 የሥራ ቀን። በቀን 7.7 ሜትር ኩብ። አንድ ደህና ሚክሰርና አንድ የሠለጠነ ቡድን ይበቃዋል። ዝናብ ቢጥል ነገ ይሞላል። ሚክሰሩ ጠዋት ቢበላሽ ከሰዓት ይሞላል።

ስለዚህ ለአንድ ሳይሎ አምስት ቀንን ከሃያ አምስት ቀን ጋር ብቻ እያዩ አይወስኑ። ስሊፕ ፎርም ከመነሳቱ በፊት ሳምንታት ይፈጃል። ቀለበቱን መገጣጠም፣ ጃኮቹን መትከል፣ ዘይት መስመሩን መፈተሽ፣ መድረኩን መሥራት፣ ከዚያም በስተመጨረሻ ማውረድ አለ። ይህ ድካም ለአንድ ሳይሎ ሲሆን ይከብዳል።

አሁን ሳይሎዎቹን ስምንት እናድርጋቸው፤ በሁለት ረድፍ፣ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ። ስሊፕ ፎርም ስምንቱንም እንደ አንድ መድረክ ይዟቸው ይወጣል። በመካከላቸው የሚፈጠሩት የኮከብ ቅርጽ ያላቸው ክፍሎችም አብረው ይወጣሉ፤ እነሱም እህል ይይዛሉ። ጊዜው ለአንዱ ከፈጀው ብዙም አይርቅም። የኮንክሪቱ ፍላጎት ግን በሰዓት ወደ 12 ሜትር ኩብ ያድጋል። የጃምፕ ፎርም ተቋራጭ ያንኑ ሥራ ተራ በተራ ከሠራ ወራት ይፈጅበታል። እዚህ ላይ ስሊፕ ፎርም ያለ ጥርጥር ያሸንፋል።

ግድግዳው ምን እንደሚሸከም ሳያውቁ ጥራት አይነጻጸርም

ይህን ክፍል ረጋ ብለው ያንብቡት። ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው።

እህል እንደ ውሃ አይደለም። በ1895 ያንሰን የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ በሂሳብ እንዳሳየው፣ እህሉ ግድግዳውን እየተሻሸ ከክብደቱ ከፊሉን ለግድግዳው ያስተላልፋል። በዚህ የተነሳ የጎን ግፊቱ ወደ ታች በወረድን ቁጥር ዝም ብሎ አይጨምርም፤ የሆነ ቦታ ይረጋል። በእኛ ሳይሎ ታችኛው ክፍል ላይ ግፊቱ ግድግዳውን በየሜትር ከፍታው በግምት 20 ቶን በሚሆን ኃይል ዙሪያውን ይወጥረዋል። እህሉ ሲወጣ ደግሞ ግፊቱ ከዚህም ይበልጣል። መውጫው ከመሀል ወደ አንድ ጎን ካደላ ይብስበታል።

ያንን ውጥረት የሚሸከመው ኮንክሪቱ አይደለም። ዙሪያውን የሚሄደው ፌሮ ነው። በየ20 ሴንቲሜትሩ አንድ ቀለበት ፌሮ ካለ በአንድ ሜትር ውስጥ አምስት ናቸው። አንዱ ቢዘለል የእሱን ጭነት ጎረቤቶቹ ይወስዱታል። ሁለት ተከታትለው ቢዘለሉ ግድግዳው እዚያ ቦታ ሊሰነጠቅ ይችላል።

እስቲ በስሊፕ ፎርም ፌሮው እንዴት እንደሚገባ እንይ። ሠራተኛው ከቀንበሩ አግዳሚና ከኮንክሪቱ ፊት መካከል ባለች ጠባብ ቦታ በኩል ቀለበቱን ያስገባል። ፎርሙ አይጠብቀውም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ደክሞት፣ በመብራት ነው የሚሠራው። አንድ ቀለበት ከረሳ ከአንድ ሰዓት በኋላ ኮንክሪት ይሸፍነዋል። ማንም አያየውም። ለዚህ ነው ከቀንበሩ በላይ በቆሙት ቋሚ ፌሮዎች ላይ የእያንዳንዱ ቀለበት ከፍታ ቀድሞ በቀለም ምልክት እንዲደረግበት መጠየቅ ያለብዎት። የእርስዎ ተቆጣጣሪም በየፈረቃው መድረኩ ላይ መገኘት አለበት። በቀን ብቻ የሚመጣ ተቆጣጣሪ የሥራውን ግማሽ አላየም።

በጃምፕ ፎርም የውጪው ገጽ ከመዘጋቱ በፊት ፌሮው ሁሉ ፊት ለፊት ይታያል። ይቆጠራል። ፎቶ ይነሳል። የፌሮዎቹ ጫፎች የሚደራረቡባቸው ቦታዎች በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ እንዳይገጥሙ ተበታትነው መቀመጣቸው ይረጋገጣል። ጠንካራ የሌሊት ቁጥጥር ማድረግ ለማይችል ባለቤት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። እኔ ለጃምፕ ፎርም የምሰጠው ትልቁ ነጥብ ይኸው ነው።

ጃምፕ ፎርም የሚሸነፈው መጋጠሚያው ላይ ነው። 25 ቀለበት ማለት መሠረቱ ላይ ያለውን ሳንቆጥር 24 መጋጠሚያ ነው። እያንዳንዱ 32 ሜትር ዙሪያ አለው። ሲደመር ወደ 770 ሜትር የሚጠጋ መስመር ነው፤ ትናንት በደረቀ ኮንክሪት ላይ ዛሬ አዲስ የተጨመረበት። በየቀኑ ከላይ የሚቀረው ለስላሳ የሲሚንቶ ቅርፊት በብረት ብሩሽ ካልተፋቀ፣ አቧራው ካልታጠበና ካልረጠበ መስመሩ አይያያዝም። ዝናብ ከነፋስ ጋር ሲመታው ውሃ ያስገባል። ውሃ የነካው እህል ይሞቃል፣ ይሻግታል። ፎርሙን ያሰሩት ብረቶች የሚተዉት ቀዳዳም ካልተደፈነ እንዲሁ ነው። ስለዚህ ተቋራጩን “መጋጠሚያውን በየቀኑ ማን ያጸዳል? ማንስ ፈርሞ ይረከባል?” ይበሉት። መልሱ ከተድበሰበሰ ሌላ ይፈልጉ።

በደንብ የተሠራ የስሊፕ ፎርም ግድግዳ ይህ ጣጣ የለበትም። ከታች እስከ ላይ አንድ ወጥ ነው። የራሱ በሽታ ግን አለው። ፎርሙ ሲጣበቅ አግድም ስንጥቅ ይፈጠራል። ይህን ለመከላከል ፎርሙ ከላይ በጥቂት ሚሊ ሜትር ጠበብ፣ ከታች ሰፋ ተደርጎ ይገጠማል። ሁለተኛው በሽታ መጠምዘዝ ነው። ጃኮቹ እኩል ካልተነሱ መድረኩ ያዘነብላል ወይም እንደ ቡሎን እየዞረ ይወጣል። በየጥቂት ሰዓቱ በውሃ ልክና በቱንቢ ወይም በሌዘር መለካት አለበት። ኤሲአይ 313 የተባለው የኮንክሪት ሳይሎ መመዘኛ እስከ 30 ሜትር ለሚደርስ ቁመት የሚፈቅደው መዛነፍ 75 ሚሊ ሜትር ነው። ይህችን ቁጥር ውል ውስጥ ያስገቧት፤ ለሁለቱም ዘዴ ትሠራለች።

ቢቆምስ?

ጃምፕ ፎርም ቢቆም የሚጠፋው ጊዜ ነው። ስሊፕ ፎርም ሳይታሰብ ቢቆም ግን ፎርሙ ከግድግዳው ጋር ሊጣበቅ ይችላል። ደህና ቡድን በዚህ ጊዜ መሙላቱን ቢያቆምም ኮንክሪቱ እስኪደርቅ ፎርሙን በትንሽ በትንሹ ማንሳቱን ይቀጥላል። ከዚያም መጋጠሚያውን አጽድቶ ይነሳል። እንዲህ ያለ አንድ ሁለት መጋጠሚያ ሳይሎውን አይገድለውም፤ ያልተዘጋጁበት ግን ይጎዳዋል። ስለዚህ ተጠባባቂ ጄነሬተር፣ ተጠባባቂ ሚክሰር፣ ተጠባባቂ የዘይት ፓምፕ አለ ወይ ብለው ይጠይቁ። “እናመጣለን” ሳይሆን “ግቢው ውስጥ ቆሟል” የሚል መልስ ነው የሚፈለገው። ሲሚንቶውና ጠጠሩም ለሙሉው ከፍታ የሚበቃ ያህል ቀድሞ መከማቸት አለበት። ለሞቃት ቀንና ለቀዝቃዛ ሌሊት ኮንክሪቱ ለመርጋት የሚፈጅበት ጊዜ ስለሚለያይ፣ ከመነሳቱ በፊት የሙከራ ድብልቅ ውጤት ይጠይቁ።

ትናንሽ ልዩነቶችም አሉ። በርና መክፈቻ የበዛበት ሳይሎ ለጃምፕ ፎርም ይመቻል። የግድግዳ ውፍረት ከፍ ሲል መቀነስ ካስፈለገም እንዲሁ። በስሊፕ ፎርም ደግሞ የሥራ መድረኩ ጫፍ ሲደርስ ለጣሪያው ኮንክሪት መሸከሚያ ሊሆን ይችላል። ከ30 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለሚሠራ ጣሪያ ይህ ቀላል ቁጠባ አይደለም። የጃክ ዘንጎቹ ግድግዳው ውስጥ ይቀራሉ ወይስ ይነቀላሉ የሚለውንም ይጠይቁ። ከተነቀሉ ቀዳዳው በሲሚንቶ መሞላት አለበት፤ የተጻፈ ነገር ይኑርበት።

የእኔ ፍርድ

አንድ ወይም ሁለት ሳይሎ፣ ቁመቱ ከ20 ሜትር የማያልፍ፣ የኤሌክትሪክና የሲሚንቶ አቅርቦቱ የማይታመን ከሆነ ጃምፕ ፎርም። ያለ ማመንታት። አራትና ከዚያ በላይ የተያያዙ ሳይሎዎች፣ ቁመታቸው 30 ሜትርና ከዚያ በላይ፣ የመኸሩ ቀን የተቆረጠ ከሆነ ስሊፕ ፎርም። ግን ከዚህ በፊት ሳይሎ በስሊፕ ፎርም ያወጣ ቡድን ሲገኝ ብቻ። የሊፍት ጉድጓድ ያወጣ ቡድን በሙያው ቅርብ ነው፤ ግን የሳይሎ ቀለበት ፌሮ ብዛት ሌላ ነገር ነው። የሠራውን ሳይሎ ሄደው ይዩት። እህል ካለበት የተሻለ ነው።

መካከል ላይ ያለው፣ ሦስት ሳይሎ 25 ሜትር ገደማ፣ ከባዱ ምርጫ ነው። እዚያ ላይ እኔ የማየው ተቋራጩ የሚያቀርበውን የሌሊት ፈረቃ ስም ዝርዝር ነው። ፎርማኑ፣ የፌሮ ኃላፊው፣ የጃክ ኦፕሬተሩ፣ የሚለካው ሰው፣ እያንዳንዳቸው በስም ለሁለቱም ፈረቃ ከተጻፉ ስሊፕ ፎርሙን እቀበላለሁ። ለሌሊቱ “ተመሳሳይ ቡድን” ብቻ ከተባለ፣ ያው ሰው 24 ሰዓት ሊሠራ ነው ማለት ነው፤ ጃምፕ ፎርሙን ይዤ ሁለት ወር ተጨማሪ እጠብቃለሁ።