የካያክ መጫኛዬ ከ14 ወር በኋላ

ካያኬን (በመቅዘፊያ የምትሄድ ጠባብ ጀልባ ናት) መኪና ጣራ ላይ የምጭንበትን ይሄን ነገር የገዛሁት ባለፈው ዓመት ሜይ ላይ ነው፣ አሁን 14 ወር ሞላው። ያኔ ልገዛ ስል ያነበብኳቸው አስተያየቶች አብዛኞቹ ሰው ከካርቶን ባወጣው በሳምንቱ የጻፋቸው ነበሩ፣ "ቆንጆ ነው፣ በቀላሉ ይገጠማል" ብቻ። እኔ ዝናቡንም ፀሐዩንም ሀይዌዩንም ካየ በኋላ ያለውን ልጻፍ ብዬ ነው፣ በተለይ ፖርቶመጋላ ላይ ፍራሽና በርሜል ተጭኖ ሲሄድ እያየን ላደግን ሰዎች "ገመዱን ጠበቅ አርጎ ማሰር ነው፣ ምን አለበት" የሚል ነገር ውስጣችን ስላለ።

የምኖረው ሲያትል፣ ሬይኒየር ቢች ነው። መኪናዬ ትንሽ ኤስዩቪ ናት፣ ጣራዋ ላይ ግራና ቀኝ የፋብሪካ ሀዲድ አላት፣ እሱ ላይ ሁለት ክሮስባር፣ ጣራውን ከግራ ወደ ቀኝ የሚያቋርጥ ዘንግ፣ አስገጠምኩ፣ ከዛ በላይ የጄ ቅርጽ ያለው መያዣ፣ ካያኩን በጎኑ አጋድሞ የሚይዘው ማለት ነው። ካያኩ ፕላስቲክ ነው፣ ርዝመቱ 12 ጫማ፣ ክብደቱ 54 ፓውንድ። ሰመር ላይ በየሳምንቱ ማለት ይቻላል ሲዋርድ ፓርክ እወርዳለሁ፣ አንዳንዴ ሌክ ሳማሚሽ፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ስኖኳልሚ ፓስ የሚባለውን የተራራ መተላለፊያ ተሻግሬ ኮሎምቢያ ወንዝ ድረስ ሄጃለሁ። ያደግኩት ባህር ዳር ነው፣ እዛ የደንገል ታንኳ ያለው ሰው ቤቱም ሐይቁም አንድ ቦታ ነው፣ ቀዝፎ ሲጨርስ ጎትቶ ያወጣትና እንድትደርቅ ያቆማታል በቃ። እዚህ ግን ጀልባዋ ከውሃ ይልቅ አስፋልት ላይ ነው ብዙ ማይል የምትሄደው።

መጀመሪያ ክብደቱን ልናገር ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የመኪናዬ ማንዋል ጣራው እየሄደ የሚሸከመው 165 ፓውንድ ነው ይላል። ይሄ ቁጥር ካያኩን ብቻ ሳይሆን ክሮስባሩንም መያዣውንም ይቆጥራል። ክሮስባሮቹ ደግሞ የራሳቸው ልክ አላቸው፣ የኔዎቹ 130 ናቸው። ጓደኛዬ የሷን 70 ፓውንድ ካያክ ጎን ለጎን እንጫን ስትለኝ ደመርነው፣ 54 እና 70፣ ሁለት መያዣ እያንዳንዱ 8 ፓውንድ፣ 140 መጣ። ጣራው ይችለዋል ክሮስባሩ ግን አይችለውም፣ ስለዚህ በሁለት መኪና ሄድን። ሁሌም መከተል ያለባችሁ ትንሹን ቁጥር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። መጀመሪያ ሁለት ወር ካያኩን በሁለት ቀበቶ ብቻ ነበር የማስረው፣ አንዱ ከፊት ክሮስባር ሌላው ከኋላ ክሮስባር ጋር፣ ነቅነቅ አረገዋለሁ፣ መኪናዋ አብራ ስትነቃነቅ ታስሯል እላለሁ። አንድ ቀን አፓርታማችን ፓርኪንግ ላይ ስጭን አንድ ጎረቤታችን ቆመው አዩኝ፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ በወጣትነታቸው የአሰብ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ነድተዋል። ዞር ዞር ብለው አዩትና "አንቺ ልጅ፣ አፍንጫውን ማን ያዘው?" አሉኝ። ቀበቶዎቹ በቂ ናቸው ብዬ ላስረዳቸው ሞከርኩ። "ንፋሱ የሚገባው በፊት ነው፣ መሀሉን አንቀሽ አስረሽ ጫፉን ከተውሽው እንደ ማንሻ ሆኖ ይነቅልብሻል" አሉኝና ገመድ አምጪ ብለው ራሳቸው አሰሩልኝ። ከዛን ቀን በኋላ ያለ ፊትና ኋላ ገመድ ወጥቼ አላውቅም። ከፊት ኮፈኑ ስር ባለው ብሎን ሁለት የጨርቅ ቀለበት አስገጠምኩ፣ ከአፍንጫው የሚመጣው ገመድ እነሱ ላይ ይታሰራል፣ ከኋላ ደግሞ መኪና የሚጎተትበት ቀለበት ላይ። ፓራውልቱ ፕላስቲክ ስለሆነ እሱ ላይ እንዳታስሩ።

የጋሼን ነገር በደንብ የገባኝ ኦክቶበር ላይ ነው። ኤለንስበርግን አልፈን ወደ ቫንቴጅ እየወረድን፣ እዛ አካባቢ የነፋስ ተርባይን የተተከለው በከንቱ አይደለም፣ ከጎን ይመታል፣ ትልቅ ትራክ ስታልፉ ደግሞ አንዴ ይቆምና መልሶ ይመታል። በፊት መስታወት የካያኩን አፍንጫ እያየሁ ነበር (ይሄም የፊት ገመዱ ሌላ ጥቅም ነው፣ ሲላላ ዓይናችሁ ስር ነው) ትንሽ ወደ ቀኝ የዞረ መሰለኝና በሚቀጥለው መውጫ ወጣሁ። የኋላው ክሮስባር እግር ሀዲዱ ላይ ሦስት ጣት ያህል ተንሸራቷል። ቀበቶው እንደጠበቀ ነው፣ ካያኩ ከክሮስባሩ ጋር እንደታሰረ ነው፣ ክሮስባሩ ራሱ ነው የሄደው! ያን ቀን ካያኩን መስመሩ ላይ የያዙት ሁለቱ ገመዶች ናቸው። ለሻጩ ጻፍኩ፣ ለእግሩ አዲስ ላስቲክ ላኩልኝ፣ ከዛ ወዲህ አልተንቀሳቀሰም፣ ግን በየወሩ ብሎኖቹን አጠብቃለሁ፣ ረጅም መንገድ ከሆነ ደግሞ ከተነሳሁ በ15 ደቂቃ ውስጥ ቆሜ ሁሉንም እነካካለሁ።

ይሄን ያህል የማካብደው ያለ ምክንያት አይደለም። በፈረንጆቹ 2004 እዚሁ ሬንተን አካባቢ 405 ሀይዌይ ላይ ከፊቷ ከሚሄድ ተጎታች የወደቀ እንጨት በመስታወቷ ገብቶ የ24 ዓመት ልጅ ዓይኗን አጥታለች፣ በሷ ምክንያት ነው በ2005 ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ በደንብ ሳይታሰር የወደቀ ጭነት ሰው ከጎዳ ወንጀል የሆነው። 12 ጫማ ፕላስቲክ ከኋላችሁ ያለው ቤተሰብ ላይ ሲወድቅ አስቡት።

ቀበቶን በተመለከተ፣ በዘለበቱ አሳልፋችሁ በእጅ የምትስቡትን ተጠቀሙ፣ ራቼት (በእጀታ እየተሳበ የሚያጠብቅ) ያለውን ተዉት፣ ጉልበቱ ብዙ ስለሆነ ፕላስቲኩን ያጎብጠዋል። እኔ በእጅም ቢሆን ኦገስት ላይ ከልክ በላይ አጥብቄ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ ትቼው ጎኑ ጎድጎድ ብሎ ነበር፣ ፈትቼ ፀሐይ ላይ ሳቆየው በሁለት ቀን ተመለሰ። ቀበቶው ሀይዌይ ላይ እንደ ንብ የሚጮህ ከሆነ አንዴ ጠምዘዝ አርጋችሁ እሰሩት፣ ዝም ይላል። የተረፈውን ጫፍ ቋጥሩት ወይ በሩ ውስጥ ዝጉበት። ከመጫኛው ጋር አብሮ የመጣው ቀበቶ ግን ክረምቱን አልቻለም፣ የዘለበቱ ስፕሪንግ ዛገ፣ ጨርቁም ጠርዝ ጠርዙ ተበላ፣ አፕሪል ላይ ጥዬ ወፍራም ፖሊስተር ገዛሁ። የመያዣው ስፖንጅም አንዱ ተላጦ በማጣበቂያ መልሼዋለሁ። ብረቱ ራሱ ምንም አልሆነም፣ እንደ አዲስ ነው።

ነዳጅ፣ ባዶዋን በጋሎን 31 ማይል የምትሄደው መኪና ክሮስባሩ ብቻ ሲኖር 29፣ ካያክ ተጭኖ በሰዓት 60 ማይል ስነዳ 26 አካባቢ። በ70 ስነዳ በጣም ይወርዳል፣ የንፋሱ ግፊት ፍጥነቱ ከሚጨምረው በላይ ነው የሚጨምረው፣ ድምፁም አያስወራም። ስለዚህ ቀኝ መስመር ይዤ በ60 ነው የምሄደው፣ ቸኩያለሁ የሚል ይለፈኝ።

ቁመቴ 1.58 ሜትር ነው፣ ብቻዬን እጭናለሁ ወይ ለሚል፣ እጭናለሁ ግን የጄ ቅርጹ ለአጭር ሰው ከባድ ነው፣ ከትከሻ በላይ ነው የሚነሳው። ትንሽ መወጣጫ ይዤ መጀመሪያ አፍንጫውን የፊተኛው መያዣ ውስጥ አስገባለሁ፣ ከዛ ዞሬ ጭራውን። ደክሞኝ ከውሃ ስወጣ ይሄ ነው የሚያማርረኝ፣ እንደገና ብገዛ ከኋላ በሮለር የሚገፋውን ነበር የምወስደው።

ከፍታውን እንዳትረሱ ደግሞ። የኔ መኪና ካያኩ ጣራዋ ላይ ሲሆን ከ8 ጫማ ትንሽ ያልፋል፣ ዳውንታውን ያሉ ፓርኪንጎች ብዙዎቹ በሩ ላይ 6 ጫማ ከ8 ኢንች ይላሉ። ካያኩ ባይኖርም መያዣዎቹ ቆመው ከሆነ አይገቡም፣ መታጠፍ አለባቸው። እኔ ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ ክሩስኮቱ ላይ ለጥፌዋለሁ።