ሰላምታን ከነመልሱ የሚያስተምር የፈረንሳይኛ የድምፅ ኮርስ

በሥራዬ ከፈረንሳይ ደንበኞች ጋር በስልክ እገናኛለሁ። ዋናውን ጉዳይ አስተርጓሚ ይይዝልኛል፤ ሰላምታው ግን የኔ ድርሻ ነው። ለዚህ ብዬ ለጀማሪዎች ከተዘጋጁት የድምፅ ኮርሶች አንዱን ገዛሁ። ደጋግሜ የሰማሁት የሰላምታውን ክፍል ስለሆነ የምጽፈውም ስለሱ ነው።

መጀመሪያ የማረከኝ ለመልሱ የሰጠው ቦታ ነው። ብዙ ኮርሶች «ቦንዡር»፣ «ቦንስዋር»፣ «ሳሉ» ብለው ይደረድሩና ያልፋሉ። ሰው የሚጨነቀው ግን ሰላም ከተባለ በኋላ ነው። እዚህ አንዲት ሴት «ኮማን ታሌ ቩ?» (እንዴት ነዎት?) ትላችሁና ዝም ትላለች። ፋታው በቂ ነው፤ አስባችሁ «ትሬ ቢያን፣ መርሲ። ኤ ቩ?» (በጣም ደህና፣ አመሰግናለሁ። እርስዎስ?) ለማለት ጊዜ ታገኛላችሁ። ከዚያ ትክክለኛው መልስ ይከተላል። «ኤ ቩ?» የምትለዋን አያስረሳችሁም፤ መልሶ አለመጠየቅ ደረቅ ያስመስላልና።

«ሳ ቫ?» (እንዴት ነው?) በተለይ አምሮ ተሠርቷል። ጥያቄውም መልሱም ያው ነው፤ ሲጠየቅ ድምፁ ሽቅብ ይወጣል፣ ሲመለስ ይወርዳል። ሁለት ጓደኛሞች «ሳ ቫ?»፣ «ሳ ቫ፣ ኤ ቷ?» (ደህና፣ አንተስ?)፣ «ፓ ማል» (ምንም አይልም) ተባብለው ሲያልፉ ይሰማል። ማብራሪያ የለም፣ ጆሮ ራሱ ይለየዋል። እንዲህ ያለ ትምህርት ደስ ይለኛል።

«ቱ» እና «ቩ» ላይ «አንተ» እና «እርስዎ» ለለመደ ሰው ብዙ ድካም የለም። ቢሆንም ኮርሱ አንድ ነገር አጥብቆ ይናገራል፦ የማታውቁት አዋቂ እኩያችሁ ቢሆን እንኳ «ቩ» ነው። ወደ «ቱ» እንሻገር የሚለው አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ ወይም በኃላፊነት የሚበልጠው ነው። ለኔ ሥራ ይህ ወርቅ ነው።

የሱቁ ትዕይንትም ድንቅ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ዳቦ ቤት የገባ ሰው መጀመሪያ «ቦንዡር» ይላል፤ ሳይሉ ዋጋ መጠየቅ እንደ ብልግና ይቆጠራል። የበሩ ደወል ይሰማል፣ «ቦንዡር ማዳም» ይባላል፣ ዳቦው ይገዛል። ሲወጣ ሻጯ «ቦን ዡርኔ!» (መልካም ቀን!) ስትል ደንበኛው «መርሲ፣ ቩ ዞሲ» (አመሰግናለሁ፣ ለእርስዎም) ይላል። ሲገናኙ «ቦንዡር»፣ ሲለያዩ «ቦን ዡርኔ»፤ ከዚህ በኋላ ሁለቱ አይምታቱም።

ቅር ያለኝም አለ። ወጣት ሴትን ሁሉ «ማድሟዜል» (ወይዘሪት) እንድንል ያስተምራል። የፈረንሳይ መንግሥት ይህን አጠራር ከመሥሪያ ቤት ቅጾች እንዲወጣ ያዘዘው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ ዛሬ ለአዋቂ ሴት «ማዳም» ማለት ይሻላል። ያን ትምህርት ዝለሉት። ጉንጭ ለጉንጭ ስለሚደረገው «ላ ቢዝ» አንዲት ቃል አለመናገሩም ጉድለት ነው። ፓሪስ በብዛት ሁለት ጊዜ ነው፤ በደቡብ ፈረንሳይ ሞንፔልዬ አካባቢ ሦስት ጊዜ ይለመዳል። ድምፅ ብቻ ቢሆንም በሁለት ዓረፍተ ነገር መንገር ይቻል ነበር።

ከሁሉ የከፋኝ የስልክ ክፍል አለመኖሩ ነው። ስልክ ሲነሳ «አሎ?» ይባላል፤ ይህ ደግሞ ፊት ለፊት የሚባል ሰላምታ አይደለም። በስልክ ሰውየው አይታይም፣ ድምፁም ይፈጥናል፤ ልምምድ የሚያስፈልገው እዚያ ነበር። የኮርሱ ተናጋሪዎች ግን እስከ መጨረሻው ቀስ እያሉ ነው የሚናገሩት። ቢያንስ የመጨረሻዎቹ ንግግሮች በተለመደው ፍጥነት መቀረጽ ነበረባቸው።

ለመጓዝ ለተዘጋጀ ጀማሪ ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ፤ የሱቁ ክፍል ብቻ ገንዘቡን ይመልሳል። እንደኔ ስልክ የሚያነሳ ሰው ግን ከኮርሱ ጎን የፈረንሳይ ሬዲዮ ይስማ፤ ለፍጥነቱ ጆሮ የሚለምደው በዚያ ነው።