ዓባይ ማዶ ያለው የጥንቸል መሸጫ

ልጆቻችሁ «እንስሳ ይገዛልን» እያሉ ካስቸገሯችሁ ባሕር ዳር ዓባይ ማዶ ጥንቸል የሚሸጡት አዛውንት ጋ ሂዱ። ሱቅ እንኳን አይባልም፤ ግቢ ውስጥ በእንጨትና በሽቦ የተሠሩ ሳጥኖች ናቸው። ግን ንጽህናው ደስ ይላል።

በጣም የወደድኩት አሸጣጣቸውን ነው። ጋሼ ብር ከመቀበላቸው በፊት የሚያናግሩት ወላጁን ሳይሆን ልጁን ነው። «ና እስቲ የኔ ልጅ፣ ያዛት» አሉት ልጄን። ጆሮዋን ሊይዝ እጁን ሲሰድ ቀስ ብለው መለሱትና፣ አንድ እጁን ከደረቷ ስር ሌላውን ከኋላ እግሮቿ ስር አድርጎ ወደ ራሱ እንዲያስጠጋት አሳዩት። እግሯ ከተንጠለጠለ ስትወራጭ ወገቧ ሊሰበር ይችላል። ጥርሷ ዕድሜ ልክ ስለሚያድግ እያኘከች እንድትሞርደው ዋና ምግቧ ሣርና ድርቆሽ እንደሆነ፣ ጎመን ሲበዛ ሆዷን እንደሚነፋትም ነገሩት። ሙቀትም አትችልም። የመጋቢትና የሚያዝያን የባሕር ዳር ፀሐይ ታውቁታላችሁ፣ ሳጥኑ ጥላ ስር ይሁን።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ወንድና ሴቱን አብረው ነው የሚያስቀምጡት። የምትገዟት እርጉዝ ልትሆን ትችላለች ማለት ነው፤ እርግዝናዋ ደግሞ 31 ቀን አካባቢ ብቻ ስለሆነ ሳታስቡት ግቢው በግልገል ይሞላል። ሳትጠይቁ እንዳትገዙ።

ልጄ አሁን ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት ማንም ሳይቀሰቅሰው ውሃዋን ይቀይራል፣ ሳጥኗን ይጠርጋል። እናንተም ግን ከኋላ ተከታተሉ፣ አደራ። ጥንቸል በደንብ ከተያዘች ከ8 ዓመት በላይ ትኖራለች፤ ልጁ በሰለቸው ቀን እሷ መራብ የለባትም።

ስትሄዱ ካርቶን ይዛችሁ ሂዱ፣ እሳቸው ጋ የለም።