ሶኬት ላይ የሚሰካው የዋት መለኪያ፦ አክስቴ ቤት ሲሠራ ያየሁት

በመብራት ቢል የሚጨነቁ ትልቅ ሰው በቤታችሁ ካሉ ይህን ዕቃ ግዙላቸው። ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰካል፣ የምትለኩት ዕቃ ደግሞ በእሱ ላይ ይሰካል፤ በቃ፣ የበላውን ይቆጥራል። መርካቶ 1,800 ብር ገዛሁት። የታወቀ ስም የለውም፤ ጀርባው ላይ 16 አምፔር፣ 3,680 ዋት የሚል ጽሑፍ አለው።

የገዛሁት ለአክስቴ ነው። ጡረታቸው ያው ነው፣ ቢሉ ግን ይጨምራል። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ ከፍ እንዲል ስለተወሰነ ጭማሪው ገና ይቀጥላል። እሳቸው የሚጠረጥሩት ፍሪጁን ነበር፤ ማታ ማታ ይነቅሉታል፣ ወተቱም ይበላሻል። አንዳንዴ ደግሞ ጥርጣሬው ሰርቪስ ቤቱን ወደተከራየችው ልጅ ይዞራል። እኛ ዘመዶቻቸውም በሄድን ቁጥር «መብራት ያጥፉ» ስንላቸው፣ በጨለማ ቁጭ ብለው ማምሸት ጀመሩ። 9 ዋት አምፖል በየቀኑ አምስት ሰዓት ቢበራ እኮ በወር አንድ ኪሎዋት ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም! በዚህ ዕድሜያቸው በጨለማ ሲደናበሩ ማየት አንጀቴን በልቶታል።

መጀመሪያ ፍሪጁን ለካን። በሃያ አራት ሰዓት 0.9 ኪሎዋት ሰዓት። ቀጥሎ ቦይለሩን፤ ሶኬቱ ከሻወር ቤት ውጭ ኮሪደሩ ላይ ስለሆነ አላስቸገረንም። አሮጌ 80 ሊትር ነው፣ ማብሪያ ማጥፊያውን ማን መቼ እንደነካው የሚያስታውስ የለም። ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ ቁጥሩን ጻፍን፣ ጠዋት ማንም ውሃ ሳይነካ ደግመን አየን። ወደ 1 ኪሎዋት ሰዓት ጨምሯል። ቀኑ ሲሞላ ከ4 አለፈ።

አክስቴ ለዓመታት የሰፈሩ ዕቁብ ጸሐፊ ነበሩ፣ ሒሳብ አይጠፋቸውም። መነጽራቸውን አድርገው ደብተሩ ላይ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፉና «ማንም ሳይታጠብ ነው ይሄ?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ፤ የሞቀው ውሃ ይቀዘቅዛል፣ እሱ መልሶ ያሞቀዋል። ሌሊቱን ሙሉ እንደዚያ ነው።»

«እኔ ደግሞ ወተቴን ስደፋ!»

የዕቃው ዋጋ ለእኔ ያኔ ወጣ። እኔ ስንት ጊዜ «ፍሪጁ አይደለም» ብያቸው አልሰሙኝም። በራሳቸው እጅ የጻፉትን ቁጥር ግን አመኑ። አሁን ቦይለሩን የሚያበሩት ሊታጠቡ ሲያስቡ ነው፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በፊት፤ ከዚያ ይጠፋል። በወር 240 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ የነበረው ፍጆታ ወደ 170 ወርዷል። ታሪፉ በደረጃ የተከፋፈለ ስለሆነ (እስከ 50፣ እስከ 100፣ እስከ 200፣ እስከ 300 እያለ ይሄዳል) ከ200 በታች መግባት ራሱን የቻለ ጥቅም አለው። የተከራይዋም ነገር ከዚያ ወዲህ አልተነሳም።

ምጣድ ግን በጭራሽ እንዳትሰኩበት። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል፤ ለዚህ መለኪያ ጫፍ ላይ ነው፣ መጋገር ደግሞ ረጅም ሰዓት ይወስዳል። ባለሱቁ «ይችላል» ቢላችሁም አትስሙት። እኛ ሌላውን ሁሉ አጥፍተን የግድግዳውን ቆጣሪ ከመጋገሩ በፊትና በኋላ አነበብን፤ 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሆነ። ምጣዱ እስኪግል ብቻ አንድ ያህል ይሄዳል፤ ስለዚህ በሳምንት ሁለቴ ይጋግሩ የነበረውን አንድ ቀን አደረጉት፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራዎችም አጥፍተው በግለቱ ያወጧቸዋል። ከቦይለሩ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፣ ግን ትንሽም ቢሆን የእሳቸው ብር ነው።

የማልወድለት ነገር አለ። ስክሪኑ መብራት የለውም፣ ቁጥሩም ደቃቃ ነው፤ ሶኬቱ መሬት አጠገብ ሲሆን ትልቅ ሰው ጎንበስ ብሎ ሊያነበው አይችልም። ፍሪጁ ጋ የስልኬን ባትሪ አብርቼ እኔ ነኝ ያነበብኩላቸው። ከቮልት ወደ አምፔር፣ ከአምፔር ወደ ዋት የሚያዞረው ቁልፍም ግራ ያጋባል፣ ጽሑፉ በሙሉ እንግሊዝኛ ነው። የብር ማስያውን ተዉት፤ የሚቀበለው አንድ ዋጋ ብቻ ስለሆነ ለእኛ በደረጃ ለሚከፈል ታሪፍ አይሆንም። ኪሎዋት ሰዓቱ ይበቃል፣ ቢሉም የሚቆጥረው እሱኑ ነው።

ስትገዙ አንድ ነገር አረጋግጡ። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የቆጠረውን የሚረሳ መለኪያ ጥቅም የለውም፤ የእኔው ውስጡ ትንሽ ባትሪ ስላለው ይይዛል። እዚያው ሱቁ ውስጥ አንድ ነገር ሰክታችሁ ትንሽ እስኪቆጥር ጠብቁ፣ ከዚያ ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩት። ከዜሮ ከጀመረ ሌላ እንዲያመጣላችሁ ጠይቁ።