ፍልሰታን በባሌ አገር፣ በቬትናም

ባለቤቴ የቬትናሟ ከተማ የሁዌ ልጅ ነው። ሜልቦርን ብንኖርም በየሁለት ዓመቱ እናቱ ቤት እንሄዳለን። የ2016ቱ ጉዞ ፍልሰታ ላይ ወደቀ። እህቴ "በቃ ነጭ ሩዝ ስትበዪ ልትከርሚ ነው" ብላ ሳቀችብኝ።

ዋና ከተማዋ ሃኖይ ላይ ልክ ነበረች። ፎ የሚሉት ሾርባ ሲፈላ የሚያድረው የበሬ አጥንት ነው። ቡናቸው እንኳ አያስጠጋም። በ1946 እ.ኤ.አ. ወተት ሲጠፋ በእንቁላል አስኳል ተክተውት፣ ይኸው ዝነኛ ሆኖ ቀረ። በሞተር ሳይክል እየዞረ ምግብ የሚያስቀምስ ድርጅት ቀጠርን። ሥጋም ዓሣም እንደማልበላ ሦስት ጊዜ ጽፌላቸዋለሁ። አስጎብኚው 40 ደቂቃ አርፍዶ መጣና የመጀመሪያውን ሳህን አቀረበ፤ የዓሣ ሶስ ፈሶበታል። "ሥጋ እኮ የለውም" አለኝ። ገንዘባችሁን አታባክኑ፣ በእግራችሁ ዙሩ።

ወደ ሁዌ የሚወስደው የሌሊቱ ባቡር ግን ደህና ነው። አራት አልጋ ያለው ክፍል፣ ንጹሕ አንሶላ፣ ከ13 ሰዓት በላይ መንገድ። የሽንት ቤቱ ነገር ጠዋት ላይ አይነሳ።

ሁዌ ስንደርስ ነገሩ ተገለበጠ። አማቴ የቡድሃ እምነት ተከታይ ናቸው። በጨረቃ ወር 1ኛና 15ኛው ቀን ሥጋ አይቀምሱም። የጾም ምግባቸው "ቻይ" ይባላል። ይህን ቃል ያዙልኝ፣ በር ላይ ተጽፎ ካያችሁ ሳትፈሩ ግቡ። እኔ 15 ቀን በተከታታይ እንደምጾም ባሌ ሲነግራቸው ዓይናቸው ፈጠጠ። ከዚያ ወዲያ ምግቤን ለማንም አልተዉትም።

በዚያ ላይ ነሐሴ 12 የሰባተኛው ጨረቃ ወር 15ኛ ቀን ሆኖ ዋለ፤ ትልቅ በዓላቸው ነው። ቡን ቦ የተባለው ቃሪያና የሎሚ ሣር የሚሸተው የከተማዋ ሾርባ እንኳ በቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሳይ) እና በእንጉዳይ ተሠርቶ ቀረበ። አንድ ነገር ብቻ ከበደኝ። ጥብቅ የሆነው ቻይ ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም አያስገባም። ለሐበሻ ከሥጋው ይልቅ የሚከብደው ይሄ ነው!

ጣፋጩን "ቼ" ይሉታል። ከ9 ሰዓት በኋላ ማፍጠሪያዬ እሱ ነበር። ደቡቦቹ የኮኮናት ወተት ያበዙበታል፣ የሁዌው ቀለል ይላል። ሻጯ ሴት ሎንጋን የሚባለውን ፍሬ ልጣ፣ ዘሩን አውጥታ፣ በቦታው የተቀቀለ የሎተስ ፍሬ ትከታለች። አንድ በአንድ፣ በእጇ። ከዚያ ስኳር ውኃና በረዶ። ስትነክሱት ውጪው ይንሸራተታል፣ ውስጡ እንደ ሽምብራ ይፈረካከሳል። ዋጋው ያኔ 20 ሺህ ዶንግ (የቬትናም ገንዘብ) ነበር፣ አንድ ዶላር አይሞላም።

የመጨረሻው ቀን አማቴ ባን ቤዎ ጋበዙኝ። በትንንሽ ሲኒ ማስቀመጫ ላይ በእንፋሎት የበሰለ የሩዝ ቂጣ ነው፤ የጾሙ በሽሪምፕ ፈንታ የተፈጨ ማሾ ይነሰነስበታል። ሒሳቡ የሚሠራው ባዶ ሳህኖቹ ተቆጥረው ነው። ሻጯ ቆጠረች፣ 31። አማቴ የበሉት 8 ነው።