እማማ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን! (በቀቀን ልትገዙ ላሰባችሁም ጥቆማ)

በቨርጂንያና በሜሪላንድ የምትኖሩ፣ ለልጆቻችሁ በቀቀን ልትገዙ ያሰባችሁ ወገኖች፣ ይህን ሳታነቡ ገንዘባችሁን አታውጡ። ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

ባለፈው ዓመት ልጄ 10 ዓመት ሲሞላት፣ ኮካቲል የሚባለውን ባለጉትዬ ትንሽ በቀቀን ልገዛላት አንድ መደብር ሄድን። ላባው ገና ያልሞላ ጫጩት በካርቶን አድርገው፣ ከሲሪንጅና ከአንድ ከረጢት ዱቄት ጋር ሰጡን። "በእጃችሁ ካጎረሳችሁት ከእናንተ አይለይም" አሉን። "ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው" እየተባለ ላደገ ሰው ከዚህ የበለጠ ማባበያ ከየት ይመጣል? ልጄ ሌሊት ሳይቀር ሰዓት ሞልታ እየተነሳች አጎረሰችው። በሦስተኛው ቀን አንገቱ ሥር ምግብ የሚጠራቀምበት ቦታ እንደተነፋ ቀረ። በአራተኛው ጠዋት ሞቶ አገኘነው። ስንደውል ምን ቢሉን ጥሩ ነው? "ሌላ በግማሽ ዋጋ እንሰጣችኋለን።"

ልጄ ለሳምንታት "እኔ ነኝ የገደልኩት" ስትል ከረመች።

እማማን የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ኢትዮጵያዊት አይደሉም፤ በቤታችን ግን ከእማማ ሌላ ስም የላቸውም። ጡረታ ወጥተው ጓሯቸው ውስጥ ኮካቲል ያረባሉ። በስልክ ጫጩት ይሽጡልኝ ስላቸው "መጀመሪያ ልጅሽን ይዘሽ ነይ" አሉኝ። ተናድጄ ነበር፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ልጄ ገና ከበሩ ላይ "እኔ አንድ ገድያለሁ" አለቻቸው። አላባበሏትም። ከመሳቢያ ጠርዙ ያለቀ ደብተር አውጥተው ጭኗ ላይ ዘረጉላት። ሥራውን ሲጀምሩ በእጃቸው እያጎረሱ የሞቱባቸው ጫጩቶች ሁሉ ከነቀናቸው ተጽፈዋል። አንዱ ምግቡ በርዶበት ሳይፈጭለት፣ አንዱ ግሎ አቃጥሎት፣ አንዱ ወደ ሳንባው ገብቶ። "ይህ ሁሉ የሆነው ትልቅ ሰው ሆኜ ነው፤ አንቺን የባለሙያ ሥራ ነው ያሸከሙሽ" አሏት። ልጄ መስመሮቹን በጣቷ እየተከተለች አነበበች፤ ቀጥላም እስክሪብቶ ጠየቀች። የእሷንም ጫጩት እዚያው ጻፈችው።

ከዚያ ወደ ጎጆው ወሰዱን። ለካ አባትየውም ያጎርሳል! ዕንቁላሉንም ከእናትየው ጋር እየተፈራረቀ ይታቀፋል። አዲስ አበባ ሳድግ ሰፈራችን ካለው ሾላ ላይ ግንባራቸው ቀይ የሆነ አረንጓዴ በቀቀኖች ይመጡ ነበር፤ ልጆቻቸውን ማን እንደሚያበላ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

እማማ ጫጩቶቹን ከወላጆቻቸው አይነጥሉም። ሰው እንዲለምዱ ግን በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ አውጥተው በእጃቸው ይይዟቸዋል፤ በኩሽና ሚዛንም ይመዝኗቸዋል። የግራሙን ነገር አስረድተውኝ ነበር፤ አልገባኝም። የገባኝ፣ ጫጩቱ ራሱ ዘር ፈልፍሎ መብላት ሳይችል ከቤታቸው እንደማይወጣ ነው። 10 ሳምንት ያህል በየቅዳሜው እየሄድን ጠበቅን። ቀብድ እንኳ አልተቀበሉኝም።

"ወላጆቹ ያሳደጉት ጫጩት ሰው አይለምድም" የሚሏችሁን አትስሙ። የእኛው ሽሮ ይህን ስጽፍ ትከሻዬ ላይ ሆኖ ጉትቻዬን እየጎተተ ነው። (ሴት መስሎን ነበር፤ ላባውን ሲለውጥ ፊቱ ቢጫ ሆነና ወንድነቱ ታወቀ፤ ስሙም ያኔ ወጣለት።)

እባካችሁ ወደ እርሳቸው ሂዱ፤ ደግሜ እላለሁ፣ ወደ እርሳቸው ሂዱ። አድራሻቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እልካለሁ። ስትደውሉ "መጀመሪያ ልጅሽን ይዘሽ ነይ" ቢሏችሁ እንደ እኔ እንዳትናደዱ።