ፊለር፣ ብሬስ ወይስ የመንጋጋ ኦፕራሲዮን? ለሦስቱም የከፈለች ሰው ንጽጽር

በዚህ ወር ብቻ አራት ሰው ጠየቀኝ። አንዷ የአክስቴ ልጅ ናት። ሌሎቹ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አግኝተውኝ «ፊትሽ ቀንቷል፣ የት ተሠራሽው?» ያሉኝ ናቸው። ለሁሉም በየተራ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ስለዚህ ዋጋው የአሜሪካ ነው። አገጬ ወደ ግራ 6 ሚሊሜትር ሄዶ ነበር። የምበላውም በቀኝ ብቻ ነበር፤ በግራ በኩል ጥርሶቼ አይገናኙም።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ጥርሳችሁ ካልገጠመና ጥፋቱ የአጥንት ከሆነ ኦፕራሲዮን። ጥርሳችሁ ደህና ገጥሞ አገጫችሁ ትንሽ ካዘነበለ ምንም አትነካኩት። ፊለርን፣ ማለት ፊት ለመሙላት ከቆዳ ሥር የሚወጋውን፣ ለማንም አልመክርም።

ከሁሉ በፊት ግን ስልካችሁን አትመኑ። ካሜራ ፊት ላይ ሲጠጋ መልክ ያዛባል። መስታወት ላይ የለመድነው ፊት ደግሞ ፎቶ ላይ ግራ ቀኙ ተገልብጦ ሲመጣ የሌላ ሰው ይመስላል። ይልቅ የአይስክሬም እንጨት በጥርሳችሁ መሃል አግድም ነክሳችሁ መስታወት ፊት ቁሙ። አንገታችሁን አታዘንብሉ። እንጨቱ ከዓይናችሁ መስመር ጋር እኩል ከሄደ ጥሩ ነው። ካጋደለ ሐኪም ይየው። የኔ እንጨት አንድ ወገን እንደተጫነ ሚዛን ነበር።

ፊለር የጀመርኩት ርካሽ መስሎኝ ነው። አንዱ መርፌ 750 ዶላር፣ በአንድ ጊዜ ሁለት፤ 1,500 ዶላር። በዓመቱ ሟሟ። ደገምኩ። ሠለስኩ። 4,500 ዶላር ሄደ። ፊቴ ቀና ሳይሆን ሰፋ፤ ጥርሴም ያው እንደነበረ።

አንዲት ጓደኛዬ ደግሞ ከኔ ብሳ ሰው ሳሎን ውስጥ በ250 ዶላር ተወጋች። ትክክለኛው ፊለር፣ ሃያሉሮኒክ አሲድ የሚባለው፣ ቢሆን ሲበላሽ የሚያሟሟው መድኃኒት አለ። የሷ ግን ሲሊኮን ሆኖ ተገኘ። ሲሊኮን በመርፌ አይሟሟም፤ ቆርጦ ማውጣት ነው። ጉንጯ ላይ እስከ ዛሬ እንደ ሽምብራ ፍሬ የጠጠረ ነገር አለ።

ቲክቶክ ላይ ለሚሸጠው እየተነከሰ የመንጋጋ ስፖርት የሚሠራበት ኳስ ገንዘብ አታባክኑ። ቢበዛ ጡንቻ ያሳብጣል እንጂ አጥንት አያንቀሳቅስም።

ብሬስ፣ የጥርስ ማቅኛ ሽቦው፣ ብቻውን ለትንሽ መዛነፍ ይሠራል። ልጅ ያላችሁ ደግሞ ቶሎ አሳዩት። የላይኛው መንጋጋ ጠቦ አገጩ ወደ ጎን የሚንሸራተት ልጅ በጊዜ ከተያዘ በማስፊያ ብቻ ሊስተካከል ይችላል። እኔ ግን በ27 ዓመቴ 5,400 ዶላር ብሬስ አስገባሁ። የጥርስ ኢንሹራንሴ 1,500 ከፈለ፤ 3,900 ከኪሴ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጥርሴን በተጣመመው አጥንት ልክ ደረደሩት። በኋላ ሰርጀን (የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም) ዘንድ ስሄድ «መጀመሪያ ብሬሱ የሠራውን ማፍረስ አለብን» አለኝ። አጥንቱ ሲቃና ጥርሱ እንዲገጥም ወደ ትክክለኛ ቦታው መመለስ ነበረበት። ሁለተኛ ብሬስ፣ 6,200 ዶላር። ኢንሹራንሱ አምስት ሳንቲም አልከፈለም፤ ለብሬስ የሚሰጠው ለካ የዕድሜ ልክ ጣሪያ አለው፣ እኔም ጨርሼዋለሁ። 14 ወር አድርጌው አፌ ከበፊቱ ብሶ ነው ኦፕራሲዮን የገባሁት።

አሁን ወደ ኦፕራሲዮኑ። የሚቆረጠው ከአፍ ውስጥ ነው። የላይኛው መንጋጋ ይስተካከላል፣ የታችኛው ግራና ቀኙ ተሰንጥቆ ይዞራል፣ በታይታኒየም ሳህንና ብሎን ይታሰራል። ሰው የሚፈራው ዋጋውን ነው። እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ፦ የሚከፍለው የጥርስ ሳይሆን የሕክምና ኢንሹራንሳችሁ ነው። ደውላችሁ በኦፕራሲዮኑ ኮድ ጠይቁ። 21196 የታችኛው መንጋጋ፣ 21141 የላይኛው፣ 21121 አገጭ ብቻ ነው። አገጭ ብቻውን «ውበት ነው» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። አንዳንድ የኢንሹራንስ ፕላን የመንጋጋ ኦፕራሲዮንን ከነጭራሹ አይሸፍንም፤ እንደዚያ ከሆነ ፕላን መቀየሪያው ወቅት እስኪደርስ ጠብቁ። የአሜሪካ የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር መመዘኛ ከ3 ሚሊሜትር በላይ መዛነፍን ከጥርስ አለመግጠም ጋር ይጠይቃል። የኔን መጀመሪያ ውድቅ አደረጉት። ሰርጀኑ ስለ ማኘክ የጻፈበት ደብዳቤ ሲገባ ፈቀዱ።

የሆስፒታሉ ሒሳብ ሲመጣ ወንበር ይዤ ነው ያነበብኩት። ከኔ የወጣው ግን ፕላኔ በዓመት ከኪሴ የሚያስከፍለኝ ጣሪያ ነው፤ 5,500 ዶላር። እ.ኤ.አ. በ2025 ሕጉ ለአብዛኛው ፕላን የፈቀደው ጣሪያ ለአንድ ሰው 9,200 ነበር፤ ያውም ሰርጀኑ በኔትወርክ ውስጥ፣ ማለት ከኢንሹራንሱ ጋር ውል ካለው። ኦፕራሲዮኑን ዲሴምበር ላይ አታድርጉ። ጃንዋሪ ሲገባ በአብዛኛው ፕላን ቆጣሪው ከዜሮ ይጀምራል፣ ክትትሉን እንደገና ትከፍላላችሁ።

በጠቅላላው 20,100 ዶላር። ከዚህ ውስጥ 8,400ው ለፊለሩና ለመጀመሪያው ብሬስ የተጣለ ነው።

«ውጭ አገር ረከስ ይላል» ለምትሉ፣ ልክ ናችሁ። ግን ብሬስ አሳሪውና ሰርጀኑ ወራት አብረው የሚሠሩት ሥራ ነው። ብሎኑ ቢያመረቅዝ በየትኛው ቲኬት ትመለሳላችሁ?

አጥንቱ ገና እያደገ ያለ ሰው ደግሞ አይቸኩል፤ የተቃናው ተመልሶ ይጣመማል። እኔ እድገቱ መቆሙን ለማሳየት የድሮ የዲቪ ፎቶዬን ይዤ ሄድኩ። ሰርጀኑ ሳቀ፣ ግን አጥንቱን በስካንም አየው።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ስድስት ሳምንት አጥሚት፣ በሶና የቀጠነ ሽሮ። ሰባት ኪሎ ቀነስኩ። በታችኛው መንጋጋ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ስለሚነካ ከንፈር ይደነዝዛል፤ ብዙ ሰው በወራት ይለቀዋል፣ አንዳንዱን ግን ጭራሹን አይለቀውም። እኔ ከ14 ወር በኋላም አገጬ ላይ የዳይም ሳንቲም የምታህል ቦታ አትሰማም። ወጥ ሲንጠባጠብብኝ እህቴ ከማዶ የራሷን አገጭ በጣቷ ትነካለች፤ እኔ እጠርጋለሁ።

የአክስቴን ልጅ እንጨቱን ነክሳ ፎቶ እንድትልክልኝ ነገርኳት። ላከች። እንጨቱ ቀጥ ብሏል፣ ጥርሷም ገጥሟል። «በገንዘብሽ ሹሩባ ተሠሪበት» አልኳት። ተቀየመችኝ።